ዘፈን የትግል ማድመቂያ አይደለም

ሰላም ለናንተ ይሁን አዘጋጆች፣

ባለፈው ስለ ነፃነት ትግሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ እንደተለፋበትም ያስታውቃል፣ ግን አንድ ቦታ ላይ «ግጥምና ዘፈን ትግሉን አድምቀውታል» የምትል ነገር አለች፣ እሷ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ማድመቅ እኮ የሚባለው ሠርግ ላይ ነው። ሰው የተገደለበትን፣ የተሰደደበትን፣ ወረቀት ላይ እንዳይገኝ በጭንቅላት የተደበቀን ነገር ማድመቂያ ስትሉት ሆድ ይብሳል።

እስቲ ከኛው ልጀምር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የወረደውን መዓት ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዛ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ጠንቋዩም ባህታዊውም አዝማሪውም እየታደነ እንዲገደል መደረጉን ብዙ ሰው አያነሳውም። አዝማሪ ምን አለው በሉኝ? አንድ ማሲንቆ። ግን ከገበያ ገበያ እየዞረ ጣሊያን አበቃለት የሚለውን ወሬ በዜማ ያዛምታል፣ ሰሙን አስተርጓሚው ቢነግራቸው እንኳ ወርቁ ጋ አይደርሱም፣ ሰው ደግሞ አንዴ ሰምቶ እያንጎራጎረ ቤቱ ይገባል። ጽሑፍ ቢሆን ይቃጠላል። እና ግራዚያኒ አዝማሪን እንደ ማድመቂያ አላየውም፣ እንደ ታጣቂ ነው ያየው፣ እዚህ ላይ ጠላት ከኛ በላይ ገብቶታል ማለት ነው።

ወረቀትን ካነሳን ሩሲያዊቷን ገጣሚ አና አኽማቶቫን ሳልጠቅስ አላልፍም። በስታሊን ጊዜ ልጇ ታስሮባት ሌኒንግራድ እስር ቤት ደጅ 17 ወር ተሰልፋለች። አንድ ቀን ከኋላዋ የቆመች፣ ከንፈሯ በብርድ የጠቆረ ሴት ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብላ «ይሄን ልትገልጪው ትችያለሽ?» አለቻት። «እችላለሁ» አለች። ግን እንዴት ይጻፍ፣ ቤት ይፈተሻል፣ ግድግዳም ጆሮ አለው። ጓደኛዋ ልትጠይቃት ስትመጣ አኽማቶቫ ጮክ ብላ ስለ ሻይ ምናምን እያወራች ቁራጭ ወረቀት ላይ ጥቂት ስንኝ ትጽፍና ታቀብላታለች፣ ጓደኛዋ ዝም ብላ አንብባ በቃሏ ትይዛለች፣ ወረቀቱን ትመልሳለች፣ አኽማቶቫ ደግሞ ጮክ ብላ ስለ አየሩ አንድ ነገር ትልና ክብሪት ጭራ መተርኮሻው ላይ ታቃጥለዋለች። ግጥሙ በሙሉ ጥቂት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ነው የተረፈው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ታተመ፣ በገዛ አገሯ የታተመው ግን በ1987 ነው፣ እሷ ከሞተች ከ21 ዓመት በኋላ። ያቺን መተርኮሻ ሳስባት ሁሌ እንባዬ ይመጣል።

«ዘፈን መንግሥት ጥሎ አያውቅም» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ብቻውን አልጣለም፣ እሺ። ፖርቱጋል ላይም በሚያዝያ 1974 እ.ኤ.አ. አምባገነኑን መንግሥት የጣለው ጦሩ ነው፣ ግን ለመነሳት የጠበቁት ምልክት ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሬዲዮ የተለቀቀ ዘፈን ነበር። ለገዥም ይዘፈናል የሚል ካለም ልክ ነው፣ ይዘፈናል፣ ግን የገዥን ውዳሴ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ለራሱ የሚያንጎራጉር ሰው አላውቅም።

ጨለማ ስል በ1959 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ የሆነው ትዝ አለኝ። ሃይላንደር የሚባል ጥቁርና ነጭ አብሮ የሚማርበት የታጋዮች ማሰልጠኛ ነበር፣ አንድ ማታ ፖሊስ ወረረው፣ መብራት ጠፋ። እዛ የነበሩት ልጆች ያን የታወቀውን «እናሸንፋለን» የሚለውን መዝሙር ማዜም ጀመሩ፣ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ «አንፈራም» የሚል ስንኝ ጨመረችበት። ልጅቷ በኋላ እንደተናገረችው አንዱ ፖሊስ እየተንቀጠቀጠ «መዝፈናችሁ ካልቀረ እንደዚህ መጮህ አለባችሁ ወይ?» ብሏቸዋል። መሣሪያ የያዘው እሱ ነው እኮ! ብቻውን ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ይንቀጠቀጣል፣ አብሮ ሲዘፍን ግን ከጎኑ ካለው ጋር እኩል መተንፈስ ግዴታ ነው፣ አንዱ ትንፋሽ ሲያጥረው ሌላው ይቀበለዋል፣ ፍርሃቱም እዛው መሀል ላይ ይከፋፈላል።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ጽሑፋችሁ ውስጥ የጦር መሪዎቹ ስም ከነማዕረጋቸው አለ፣ የገጣሚና የዘፋኝ ስም ግን አንድም የለም፣ «ሕዝቡ እየዘፈነ» ብቻ ነው የሚለው። ዘፈኑን እኮ የሆነ ሰው ነው የሠራው። ደቡብ አፍሪካን ስታነሱ ቩዪሲሌ ሚኒን አታንሱም እንዴ? የፖርት ኤልዛቤት የሠራተኛ ማኅበር ሰው፣ ድምፁ ወፍራም፣ አፓርታይድን ያነጸውን ቬርወርድን ጥቁሩ ሰው እየመጣልህ ነው ተጠንቀቅ የሚለውን ዘፈን የደረሰ። ዜማው የደስታ ዘፈን ነው የሚመስለው። በጓዱ ላይ ቢመሰክር ከስቅላት እንደሚተርፍ ነገሩት፣ እምቢ አለ። ኅዳር 6 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. ፕሪቶሪያ ውስጥ ከሁለት ጓዶቹ ጋር ወደ ገመዱ ሲወስዷቸው እየዘፈኑ ነው የሄዱት። አስከሬኑን የድሆች መቃብር ውስጥ ቀበሩት፣ አገሩ ገብቶ በክብር የተቀበረው በ1998 ነው። ዘፈኑን ደግሞ ሚርያም ማኬባ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት መጥታ ያዜመችልን፣ ዜግነቷን ከነጠቋት በኋላ በስደት ሆና ለዓለም አሰማችው።

በሚቀጥለው ስትጽፉ ከጦር መሪዎቹ ጎን የሱንም ስም ጻፉልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ