ይድረስ ለእማዬ፦ ስለ እግርሽ ጉዳይ

አዲስ አበባ፣ ጥር 14

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም ልጆቹም አባታቸውም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤውን ስታዪ «ስልክ እያለ ምን አስጻፋት?» ማለትሽ አይቀርም። በስልክማ ሞከርኩ። ስለ እግርሽ ባነሳሁ ቁጥር «ምንም አላመመኝም» ትይና ወደ ዶሮዎችሽ ትሄጃለሽ። ሦስቴ ደውዬ ሦስቴም ስለ ዶሮ ሰምቼ ዘጋሁ። ወረቀት ግን ወሬ አያስቀይርም። ዓይንሽ ካስቸገረሽ የእህቴ ልጅ ታንብብልሽ። አንቺ ደግሞ እንዳታስዘልያት።

የገና ለት ማታ ትዝ ይልሻል? ሦስተኛው ቡና እየተቀዳ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ በዚያ ሰሞን አጥንት ሰብሮ ይገባል። አንቺ በርጩማሽ ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን ወደ ከሰሉ ዘርግተሽ ስለ ጎረቤት ልጅ ሰርግ ትነግሪናለሽ። የሆነ ነገር ሸተተኝ። ፌስታል እሳት ውስጥ የገባ መስሎኝ ወለሉን ስፈልግ ቆየሁ። ለካስ ካልሲሽ ነው። በአውራ ጣትሽ በኩል ናይለኑ ቀልጦ ቆዳሽ ላይ ተለጥፏል። እግርሽን ሳብ ሳደርገው «ምነው?» አልሽኝ።

ቃጠሎው ትንሽ ነበር። ሽምብራ የሚያህል ውሃ ቋጥሮ በሁለት ሳምንት ደረቀ፣ ተመስገን። ያቺ «ምነው?» ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

በማግስቱ ጠዋት «ዓይንሽን ጨፍኚና ስነካሽ አዎ በይኝ» ያልኩሽ ለጨዋታ አልነበረም። እንግሊዝ አገር ኢፕስዊች በሚባል ከተማ የተጀመረ ፍተሻ ነው፤ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጣት ብቻ ይሠራል። ከእያንዳንዱ እግር አውራ ጣቱን፣ መካከለኛውንና ትንሿን፣ በድምሩ ስድስት ጣት ጫፉን ብቻ መንካት ነው። መጫን የለም፣ መኮርኮር የለም። አንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማ የእግሩ ስሜት ቀንሷል ማለት ነው። ከቀኙ ሁለቱን አዎ አልሽ። ወደ ግራው ዞርኩና ሦስቱንም ነካሁ። ጨርሼ ቁጭ ብያለሁ፤ አንቺ ዓይንሽን እንደጨፈንሽ «ግራውን አትጀምሪም እንዴ?» አልሽኝ። «ቡና ልቁላ» ብዬ ጓዳ ገባሁ። ቡና አልቆላሁም።

እማዬ፣ «ካላመመኝ ምን ሆንኩ» የምትያት ነገር ናት የምታስፈራኝ። ሌላ ሰው ቢላት እውነት ናት። አንቺ ግን 15 ዓመት ከስኳር ጋር ኖረሻል። ስኳሩ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል። መጀመሪያ የሚጎዱት ደግሞ ረጃጅሞቹ፣ እስከ እግር ጣት የሚወርዱት ናቸው። ሌሊት እግርሽን ከጋቢው አውጥተሽ «ያቃጥለኛል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል» ስትዪ የነበረው እሱ ነው። ከዚያ ማቃጠሉ ሲቀር ዳንኩ ብለሽ ደስ አለሽ። እኔም አብሬሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አላወቅኩም። ነርቩ እየሞተ ሲሄድ ነው ዝም የሚለው።

ተረከዝሽ የሚሰነጣጠቀውም በብርዱ ብቻ አይደለም። ላብን የሚያዘው ነርቭ ሲደክም ቆዳው ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ጀርም ይገባል። በዚያ ላይ ስኳሩ የደም ሥሩን ያጠባል። ደም እንደ ልብ ካልደረሰ ቁስል በምን ይድናል? ከስኳር ሕመምተኞች ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የእግር ቁስል ይገጥማቸዋል የሚል አንብቤያለሁ። እግር እስከ መቆረጥ የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከአንዲት ትንሽ ቁስል ተነስቶ ነው። ባለ ወፍጮው ጋሼ በምን ጀመራቸው? ከጫማቸው ውስጥ ብቅ ባለች ሚስማር። ቀኑን ሙሉ እየረገጧት ዋሉ። ከዚያ ሰው እንዳያይባቸው ወር ሙሉ ደበቁት።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ። አለርትን ታውቂዋለሽ አይደል፣ ዘነበወርቅ ያለውን፣ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመውን። ልጅ ሆነን የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ጣቱ በራሱ እየረገፈ የሚያልቅ ይመስለን ነበር። ፖል ብራንድ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ግን ሕንድ አገር እነሱን ሲያክም ሌላ ነገር አስተዋለ። በሽታው ነርቩን ይገድለዋል፤ ሰውየው ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ ይቃጠላል፣ ይወጋል፣ በቁስሉ ላይ ይሄዳል። ጣቱን የሚጨርሰው ይኼ ነው። በኋላ አሜሪካ ሄዶ ያንኑ ትምህርት ለስኳር ሕመምተኞች እግር አዋለው። የአንቺ ሥጋ ደዌ አይደለም፤ እንዳትሰጊ። ሁለቱ በሽታዎች የሚሰርቁት ግን አንድ ነገር ነው። ሕመም ዘበኛ ነበር፤ ዘበኛሽ አንቀላፍቷል። እሱ የሚሠራውን አሁን ዓይንሽ ይሥራ።

ጤና ጣቢያው ላይም ቅር ብሎኛል። ስንት ዓመት ስትመላለሺ ጣትሽን ወግተው ስኳርሽን ይለኩና «ጥሩ ነው፣ ጨመር ብሏል» ብለው መድኃኒት ይሰጡሻል። አንድም ቀን «ጫማሽን አውልቂ» ያለሽ ሰው የለም። ወረፋው ብዙ ነው፣ ይገባኛል። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ግን ሳይጠይቁሽ ራስሽ አውልቂ። «የእግሬ ስሜት ቀንሷል፣ እዩልኝ» በይ። ቀጭን የፕላስቲክ ክር እስኪታጠፍ ድረስ መርገጫሽ ላይ ይጫኑታል፤ 10 ግራም ያህል ግፊት ነው፣ አይወጋም። የደም ምቱንም ከእግርሽ ላይ በጣታቸው ይፈልጉታል። ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ በዓመት አንዴ ይኼ ይገባዋል። እንዳንቺ ስሜቱ ለቀነሰ ደግሞ በየስድስት ወሩም ቢሆን። ካፈርሽ ቀጠሮሽን ንገሪኝ፣ እመጣለሁ።

አሁን ወደ ቤትሽ። የአባዬ የጢም መላጫ መስታወት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ናት። አውጫት። እሱ ቢሆን «ለእግር?» ብሎ ይቆጣ ነበር፤ ግድየለም። ማታ ማታ ከጸሎትሽ በፊት መብራት አብርተሽ መሬት ላይ አስቀምጫትና እግርሽን ከላይዋ አድርገሽ መርገጫሽን እዪ። ተረከዙን፣ ጎን ለጎኑን፣ በጣቶችሽ መሃል። የቀላ፣ ያበጠ፣ ውሃ የቋጠረ፣ የተሰነጠቀ፣ ቀለሙ የተለወጠ ካለ ነው የምትፈልጊው። በእጅሽም ዳብሺው፤ አንዱ ቦታ ከሌላው ይልቅ ከሞቀ እሱም ምልክት ነው። ጤፍ ስትለቅሚ አንዲት ጠጠር አታመልጥሽም። እግርሽንም እንደዚያ ልቀሚው። ዓይንሽ ካልያዘልሽ ልጅቷ ትይልሽ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም፣ ስልኳ ላይ ከምታፈጥ።

እግርሽን ስትታጠቢ በለብ ያለ ውሃ ይሁን። ሙቀቱን በእግርሽ አትለኪው፤ እግርሽ አሁን ይዋሽሻል። እኛን ስታጥቢ እንደምታደርጊው ክርንሽን ንከሪበት። ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ የምትቀመጪውን ነገር ተይው፤ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ፣ ግን ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ያሳሳዋል። ታጥበሽ ስትጨርሺ በጣቶችሽ መሃል በደንብ አድርቂ። ቫዝሊን ለተረከዝሽና ለመርገጫሽ፤ በጣቶችሽ መሃል ግን እርጥበት ስለሚይዝ አይቀባም። ከሰሉ አጠገብ እግር መዘርጋት ቀርቷል። ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቶ ብርድ ልብስ ውስጥ መክተትም ቀርቷል። የሱፍ ካልሲ ልኬልሻለሁ። ከውስጥ ነጭ ካልሲ አድርጊ፤ ነጭ ያልኩሽ ደም ወይም ፈሳሽ ቢነካው ወዲያው እንዲታይሽ ነው።

ምላጩን ደግሞ ጣይው። እንደደበቅሽው አይቻለሁ፣ ከመስኮቱ ላይ፣ ከሻማው ኋላ። በትንሿ ጣትሽ ጎን የደደረውን ቆዳ የምትልጪበት ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያቺን ጫፏ የሾለች ጥቁር ጫማ ለፋሲካ የገዛሁልሽ እኔ ነኝ። አማረብሽ ብዬ። ጠቦሽ እንደነበር አልነገርሽኝም፤ ምናልባትም አልተሰማሽም። ቆዳው የደደረው ጫማው እየፈተገው ነው። በምላጭ ብታነሺው ይመለሳል፤ አንድ ቀን ደግሞ ሥጋሽን ትቆርጪና ሳታውቂው ትቀሪያለሽ። ሐኪም ያንሳልሽ። ጥፍርሽንም ልጅቷ በጥፍር መቁረጫ ቀጥ አድርጋ ትቁረጥልሽ፤ ጥጉን ወደ ውስጥ አትከርክመው።

በባዶ እግር መሄድ የለም። ጓዳም ቢሆን፣ ዶሮዎቹ ጋ ለመድረስም ቢሆን። ነጠላ ጫማውም ጣትሽ መሃል እየገባ ይልጥሻል፤ የተሸፈነ ይሻላል። ጫማ ከማድረግሽ በፊት ገልብጠሽ አራግፊ፣ እጅሽንም ከትተሽ ዳብሺ። ባለፈው ሽሮ ልታዘጋጂ ሽምብራ ስትለቅሚ አንዷ ጫማሽ ውስጥ ገብታ፣ ገበያ ደርሰሽ እስክትመለሺ ረግጠሻት ዋልሽ። ማታ ሳወጣት ለሁለት ተከፍላ ነበር። እኔንና ልጅቷን በሳቅ ገደልሽን። ሽምብራ ባትሆን ኖሮስ?

ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ጫማ ማውለቁ ግዴታ ነው፤ በዚያ አልከራከርሽም። ወፍራም ንጹሕ ካልሲ አድርገሽ ግቢ። ግቢው ጠጠርና እሾህ ነው፤ ጫማሽን በሩ ድረስ አድርገሽ እዚያ አውልቂ። ቤት ስትመለሺ መስታወቷ ማታን አትጠብቅ።

ቁስል ካየሽስ? በንጹሕ ውሃ እጠቢው፣ በንጹሕ ጎዝ ሸፍኚው፣ በዚያ እግር መርገጥ አቁሚ፣ በዚያው ቀን ባይሆን በማግስቱ ሐኪም ጋ ሂጂ። ቡና አይነሰነስበትም። ቅቤም፣ አመድም፣ ሎሚም፣ የጥርስ ሳሙናም። ውሃ የቋጠረውንም በመርፌ አታፍርጪው። ጸበልሽን ተጠመቂ፣ ማንም አይከለክልሽም፤ ሐኪሙን ግን ለሱ ብለሽ አታቆዪው። ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ከጠቆረ፣ መቅላቱ ወደ ላይ ከተሳበ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ደውይልኝ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ናት።

አንዲት ነገር ልርሳ ነበር። ቁስል ሳይኖር እግርሽ ድንገት ቢያብጥ፣ ቢቀላና ቢሞቅ «ወለም ብሎኝ ነው» ብለሽ ወጌሻ ጋ እንዳትሄጂ። ስሜት ባጣ እግር ውስጥ አጥንት ሳያም ይሰበራል። ሲታሽ ይባስ ይፈራርሳል። ያበጠውን እግር አትርገጪበት፤ ሐኪም ይየው፣ ራጅ ይነሳ።

መድኃኒትሽን፣ ምግብሽን፣ የደም ግፊትሽን ዛሬ አላነሳም። እሱን በስልክ እንጨቃጨቃለን።

በፖስታው ውስጥ ሁለት ባዶ ወረቀት አለ። ለደብዳቤ መልስ አይደለም። እግር ወደ ማታ ላይ ያብጣል፣ ስለዚህ አመሻሽ ላይ፣ የሱፍ ካልሲውን እንዳደረግሽ ወረቀቱ ላይ ቁሚ። ቁጭ ብለሽ ሳይሆን ቁሚ። ልጅቷ እርሳሱን ቀጥ አድርጋ ይዛ ዙሪያውን ታስምርልሽ፣ ቀኙን ለብቻ፣ ግራውን ለብቻ፤ ሁለቱ እግር እኩል አይሆንም። ከዚያ ያን ሚኒባስ ነጂ ታውቂው የለ፣ ለሱ ስጪው። መርካቶ ይዤው እሄድና ጫማውን ላዩ ላይ አስቀምጬ እለካዋለሁ። መስመሩ ከጫማው ጎን ብቅ ካለ አልገዛም። ፊቱ ሰፊ፣ ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ያህል ቦታ ያለው፣ ውስጡ ስፌት የማይበዛበት። ቀለሙን አንቺ ምረጪ። ጥቁር ከሆነ ግን ያቺ የፋሲካዋ መጀመሪያ ከቤት ትውጣ።

ልጅሽ