ላቫጆዎቻችን ነጩን ነጥብ በዘይት ከመሸፈን መኪናውን ቢያደርቁት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ድሬዳዋ ውስጥ ከላቫጆ ታጥቦ የወጣ መኪና ብዙ ሳይርቅ ቀለም ያልተቀባው ጥቁር ፕላስቲኩ፣ ይኸውም የፓራውልቱ የታች ጠርዝ፣ የስፖኪዮው እግርና በጎማው ዙሪያ ያለው ክፈፍ፣ በነጫጭ ክብ ነጥቦች ተዥጎርጉሮ ይታያል። ብዙዎቻችን ፕላስቲኩ ያረጀ ወይም ፀሐይ የበላው ይመስለናል። ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ግን ሙሉ ለሙሉ ይገረጣል እንጂ የጠብታ ቅርጽ ያለው ምልክት አያወጣም። የከተማችን የጉድጓድ ውሃ በኖራ ድንጋይ መካከል አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ካልሲየም ይበዛበታል፤ በየቤታችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትና የመኪናው ነጥብ አንድ ናቸው። ጠብታው በጋለ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ውሃው ወዲያው ይተንና ኖራው ይቀራል፤ የፕላስቲኩ ገጽ ሸካራ ስለሆነም በጥቃቅን ጎድጓዶቹ ውስጥ ተደብቆ በደረቅ ጨርቅ አልነሣ ይላል።

በቅርቡ ይህንኑ ነጥብ እንዲያስለቅቅልኝ የጠየቅሁት አጣቢ በስፖንጅ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባልኝ። ሁለት ቀን ጠቁሮ አብረቀረቀ፤ ከዚያ አቧራው ተለጠፈበት፣ የልጄ የትምህርት ቤት ልብስ ተበላሸ፣ ነጥቡም ከሥሩ ተመልሶ ብቅ አለ። ወጣቱን አልወቅስም፤ ያሠሩት ሰዎች ያሳዩትን ነው የሠራው።

ኖራን የሚያሟሟው አሲድ ነው፤ ለዚህም ከሱቅ የሚገዛ አቼቶ ይበቃል። መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ ፕላስቲኩ ከበረደና አቧራው በሳሙና ከታጠበ በኋላ፣ አቼቶና ውሃ እኩል ተቀላቅሎ የተነከረበት ጨርቅ ነጥቡ ላይ ለ5 ደቂቃ ያህል ተለጥፎ ይቆያል፤ ከዚያም ሳይደርቅ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ታሽቶ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል፣ በንጹሕ ጨርቅም ይደርቃል። የቆየ ነጥብ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል። የሎሚ ጭማቂም ይሠራል። አሉሚኒየምና ኒኬል የተለበጠ ጌጥ ላይ ግን እንዳይፈስ መጠንቀቅ ይገባል። ከሁሉ በላይ አቼቶን ከበረኪና ጋር ማቀላቀል ፈጽሞ አይገባም፤ ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው።

ለላቫጆ ባለቤቶች የማቀርበው ጥያቄ ከዚህም የቀለለ ነው። ሁሉም ነገር የሚበላሸው ከመጨረሻው መለቅለቅ በኋላ መኪናው ፀሐይ ላይ በራሱ እንዲደርቅ ሲተው ነውና፣ ጥላ ይዘጋጅ፤ የውስጡን አቧራ የምታራግፉበት ኮምፕሬሰርም በፕላስቲኩ መጋጠሚያዎች ውስጥ የተቋጠረውን ውሃ ይንፋበት፤ የቀረውን ጨርቅ ይጨርሰዋል። ለዚህ ሥራ ጥቂት ብር ቢጨመርብን እኔ በበኩሌ በደስታ እከፍላለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ