ለ10 ቀፎ 10 ጆሮ እንግዛ

ሰላም ወገን፣ ዛሬ የመጣሁት ብር ልለምን ነው፤ አልደብቅም።

ላስታ ያለው አጎቴ ንብ አናቢ ነው። አምና የአንዱ ቀፎ ንብ መኮብለሉን ያወቀው ቀፎው ባዶ ከሆነ በኋላ ነበር። ጆሮውን አስጠግቶ ሲያዳምጥ ደህና ናቸው፣ ተቆጥተዋል፣ ሊሄዱ ነው ብሎ ይለያል፤ ግን ሌት ተቀን እዚያ ሊቆም አይችልም። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ማዳመጡን ኢኤስፒ32 ለምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ሰጠናት።

ላላያችሁት፣ ከክብሪት ሳጥን ብዙ የማትበልጥ ቦርድ ናት። ራም የሚባለው የሥራ ሜሞሪዋ 520 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በስልክ ያነሳችሁት አንድ ፎቶ እንኳ አይገባባትም። ድምፁን ሁሉ እየቀዱ መላክ ደግሞ አይታሰብም፣ ዋይፋይ ሲበራ ባትሪውን ይጠጣዋል። ስለዚህ ሥራው እዚያው ቀፎው ሥር ያልቃል። በየ15 ደቂቃው ትነቃለች፣ አንድ ሰከንድ ታዳምጣለች፣ 32 ኪሎባይቱን ድምፅ ወደ 16 ቁጥር ትጨምቀዋለች፣ ከዚያ ካሏት 4 የድምፅ ምድቦች ለየትኛው እንደሚቀርብ አይታ የዚያን ምድብ መሀል፣ ማለትም አማካዩን፣ ትንሽ ወደ አዲሱ ድምፅ ትስብና መልሳ ትተኛለች። ዘዴው ኬ-ሚንስ የሚባል የመመደቢያ ስሌት ነው፣ ስቱዋርት ሎይድ እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራው። የእኛው የድሮውን ድምፅ ሳያከማች አንድ በአንድ የሚማረው ዓይነት ስለሆነ 4ቱም መሀሎች ተደምረው 256 ባይት ናቸው። መጀመሪያ ዲቢስካን የሚባል ሌላ የመመደቢያ ስሌት ሞክረን ነበር፤ ያለፈውን ሁሉ ካልያዝኩ ብሎ ሜሞሪውን ሞላው፣ ተውነው።

አንድ ወር ሙሉ በራሳችን ጥፋት ከንቱ ቀርቷል። ቦርዷ ስትተኛ ተራው ራም ይጠፋል፣ እኛ ደግሞ ምድቦቹን እዚያ ነበር ያስቀመጥናቸው። በየ15 ደቂቃው እንደ አዲስ ትወለድ ነበር! አሁን ስትተኛም የማትጠፋ 8 ኪሎባይት ጥግ ውስጥ አስገብተናቸዋል።

አንድ ነገር ግን በዕቃ አይገዛም። ቦርዷ «ምድብ 3» ትላለች እንጂ ምድብ 3 ምን እንደሆነ አታውቅም። ስም የሚያወጣለት ያን ቀን ቀፎውን ያየ ሰው ነው። ለዚህ ነው ከምንሰበስበው ብር ከፊሉ ማስታወሻ ለሚይዙልን አናቢዎች የውሎ አበል የሚሆነው። እዚህ ላይ አንደራደርም፣ እውቀቱ የእነሱ ነው።

እስካሁን 2 ቀፎ ላይ ይሠራል፣ 10 መጨመር እንፈልጋለን። ለእያንዳንዱ ቦርድ፣ ማይክ፣ የሙቀት መለኪያና ትንሽ ሶላር ያስፈልጋል። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ አንድ ቁጥር ጠርቼ አላሳስታችሁም፣ የቻላችሁትን ጣል አድርጉ። ባትሪ አትግዙልን፤ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ እየመረጥን፣ እየሞከርን እንወስዳለን። ውጭ ያላችሁ፣ በተለይ ለበዓል የምትመጡ፣ አይኤንኤምፒ441 የሚባለውን ማይክ ሻንጣ ጥግ ላይ ብትወረውሩልን ከብር ይበልጥብናል፤ እዚህ ፈልገን አጥተናል።

የሒሳብ ቁጥሩን ለሚጠይቀን ሁሉ እንልካለን፣ ከሦስታችን ሁለታችን ካልፈረምን ሳንቲም አይወጣም፣ ደረሰኙንም እንለጥፋለን። አደይ አበባው ሳይፈካ ቀፎዎቹ ሥር መትከል ስላለብን፣ የምትሰጡ ከነሐሴ በፊት ስጡን።