ዓሣ ቤትም ሙዚየምም፦ የታሪክና ቱሪዝም ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሥራውን የጀመረው እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። ከተማችን ድሮ መንቆረር ትባል እንደነበር ተማሪዎቻችን ያውቃሉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው እንደነገሡም ክፍል ውስጥ ተምረዋል። ቤተ መንግሥታቸውን ልብ ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ጎበኘን፣ ከዚያ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን።

ትልቁ ሥራችን የባሕር ዳር ጉዞ ነበር። ከመነሳታችን በፊት አንድ ደንብ አወጣን፤ ምግብ ቤትም እንደ ሙዚየም ይጎበኛል። ደብተር ይዘን እንገባለን፣ ምግቡ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚሠራ እንጠይቃለን። ልጆቻችን ሙዚየም ሲገቡ ዝም ይላሉ። ምግብ ቤት ግን አፋቸውን ይፈታል። ያ ድፍረት ለሙዚየሙም ይተርፋቸዋል ብዬ አምናለሁ።

በደምበጫ፣ በቡሬና በዳንግላ አድርገን ባሕር ዳር ገባን። የሐይቁን ዳር ትልልቅ ሆቴሎች ትተን ሰፈር ውስጥ ያለች ዓሣ ቤት መረጥን። ጉላሽ፣ ዱለት፣ ለብለብ፣ ኮተሌት፣ ሁሉም ከዓሣ! የጤፍ አገር ልጆች ስለሆኑ ብዙዎቹ ዓሣ ሲቀምሱ የመጀመሪያቸው ነበር። ባለቤቷ ሥራቸውን አቁመው ቆሮሶን ከአምባዛ፣ አምባዛን ከነጭ ዓሣ እንዴት እንደሚለዩ አሳዩዋቸው። እግዜር ይስጥልን።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር ክርክር ተነሳ። ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም? ገሚሱ ዓሣ በላ፣ ገሚሱ ሽሮና በየዓይነቱ አዘዘ። አንዱ ሌላውን ሳይነቅፍ ከአንድ ጠረጴዛ በመብላታቸው ኮራሁባቸው።

በማግሥቱ በጀልባ ወደ ዘጌ ሄድን። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች ስለማይገቡበት ሁላችንም አብረን የምንገባበትን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ነበር የመረጥነው። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። በገዳሙ ሙዚየም የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎችና የነገሥታት ዘውዶች አየን። ልጆቹን ይበልጥ የያዛቸው ግን የአቡነ በትረ ማርያም ታሪክ ነው። ጻድቁ በትራቸውን ሦስት ቦታ ቢሰብሩት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። በዘጌ በወጉ መሬት አይታረስም፣ ከብትም አይረባም።

ይህን የሰማች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ታዲያ እንጀራው ከየት ይመጣል?» አለች። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይኼ ነው። የአራሽ ልጅ ናት፤ ያለ ሞፈርና ቀንበር የሚኖር አገር አይታ አታውቅም። መልሱን ያገኘችው ከአካባቢው ሰዎች ነው። ቡናውንና ጌሾውን ይሸጣሉ፣ በገንዘቡ እህል ይገዛሉ። በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው ባሕር ዳር ድረስ ይቀዝፉ እንደነበርም ነገሯት። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ጫካውን ያዩበት ዓይን ተለወጠ። ባልታረሰ መሬት ላይ ስንት ዘመን የኖረ ደን መሆኑ ገባቸው። ከዛፎቹ ሥር ተቀምጠን የዘጌን ቡና ጠጣን።

ስንመለስ በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ያለውን፣ ስፔናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ሠራው የሚባለውን የድንጋይ ሕንፃ አይተናል። መሽቶብን ስለነበር ብዙ አልቆየንም። ለእሱ ሌላ ቀን ያስፈልጋል።

የደብተሮቹ ማስታወሻ በቤተ መጻሕፍታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ወላጆች መጥተው እንዲያነቡት እንጋብዛለን። ለመኪና ኪራይ ላዋጡ ቤተሰቦችም ምስጋናችን ከልብ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት መርጡለ ማርያምን አስበናል፤ የእቴጌ እሌኒን ሕንፃ ፍርስራሽ እናያለን፣ ከከተማው ምግብ ቤቶችም አንዱን እንጎበኛለን። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። ደብተር ግዴታ ነው።