ምስሯ ወደ ሁለት አቅጣጫ ትዞራለች

ጌትዬ፣ እንደምን ከረምክ? መጥፋቴን አውቀዋለሁ፤ ይቅርታዬን እዚህ ላይ ተቀበለኝና እንለፈው፣ ባሕር ዳር ስትመጣ በጣና ዓሣ እክስሃለሁ። ቸገረውና ጻፈልኝ ብትልም አልተሳሳትክም።

ያቺ የምናጠናት ሌንቲኩላር ጋላክሲ፣ ዲስክ ኖሯት ጠመዝማዛ ክንድ የሌላት፣ እንቅልፍ ነሥታኛለች። (አንተ ሌንቲኩላር ስትል አፍህ ሙሉ ነው፤ እኔ ምስር ብያታለሁ።) ከመሃሏ ግራና ቀኝ የከዋክብቱ የፍጥነት ሥርጭት (ፍጥነታቸው ምን ያህል እንደተበታተነ) ሁለት ጉብታ ያወጣል፤ አማካይ ፍጥነቱ ግን እዚያው ዜሮ አካባቢ ተኝቷል። ኤንጂሲ 4550 የምትባለው ጋላክሲ ትዝ አለችኝ፣ አሜሪካዊቷ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቬራ ሩቢንና ባልደረቦቿ በ1992 እ.ኤ.አ. ሁለት የከዋክብት ዲስክ በተቃራኒ ሲዞር ያሳዩባት። በገበያ ቀን የዓባይን ድልድይ አስበው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ፍጥነት ደምረህ ብታካፍል ማንም ንቅንቅ አላለም። ብርሃኗን የሚተነትነው ፕሮግራምም አንድ የፍጥነት ኩርባ ብቻ ስትፈቅድለት የሁለቱን ዲስኮች የብርሃን መስመሮች አንድ ሰፊ መስመር አድርጎ ይውጣቸዋል።

አሁን አትሳቅብኝ። ዕድሜውን ሳወጣ ጉብታዎቹ ላይ ያሉት ከዋክብት የዕድሜ ሞዴሉ ጫፍ ላይ፣ 17.8 ቢሊዮን ዓመት ላይ ሄደው ተለጠፉ። ዩኒቨርሱ ራሱ 13.8 ነው! ጥፋቱ... እንዴት ልበልህ፣ የኔው ነው። በስሌቱ ውስጥ የጋላክሲዋን ጋዝ ከከዋክብቱ ፍጥነት ጋር አስሬው ነበር። 4861 አንግስትሮም (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ላይ ያለው፣ ሃይድሮጅን ቤታ የሚባለው የከዋክብቱ ብርሃን ጉድጓድ ጥልቅ ሲሆን ወጣት፣ ሲጎድል ሽማግሌ እንላለን አይደል? የጋዙ ብርሃን ጉድጓዱን ይሞላዋል። ጋዙ በተቃራኒ ሲዞር ደግሞ ሙሌቱ ወደ ጎን ይሸሻል፤ የታሰረው ፕሮግራም ባልሆነ ቦታ ይፈልገዋል፣ አያገኘውም፣ ሳይቀንሰው ያልፋል።

ስለዚህ ጋዙን በራሱ ፍጥነት ልቀቀው። ፍጥነቱን ከ5007ቱ የኦክስጅን መስመር ያንብብ፣ ሃይድሮጅን ቤታን ከሱ ጋር እሰር፤ 4959ኙን የ5007ቱ ሲሶ አድርገህ ቆልፈው። 5200 ላይ ያለችው የናይትሮጅን መስመር ትንሽ ናት ብለህ እንዳትንቃት። ካልተቀነሰች ከማግኒዥየሙ መስመር ጎን ያለውን የብርሃን መነሻ ከፍ ታደርግና ማግኒዥየሙን ታበዛብናለች፤ ከዚያ የማግኒዥየሙን መብዛት አይተን ከዋክብቱ በጥድፊያ ተወለዱ ብለን እንዋረዳለን።

ልመናዬ ይኸው፦ ሁለቱን ዲስክ ለየብቻ የሚያወጣውን ስሌት ባንተ ማሽን አሂድልኝ። የኛን መብራት ታውቀዋለህ። መነሻ ፍጥነቱን ለአንዱ ሲደመር 150፣ ለሌላው ሲቀነስ 150 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ስጥ፤ ሁለቱንም ከዜሮ ካስነሣህ ተደራርበው ይቀራሉ። ለማነጻጸሪያ የምንጠቀምባቸው፣ ማይልስ ከሚባለው የከዋክብት ብርሃን ስብስብ የተወሰዱት አብነት ከዋክብት የመለየት አቅማቸው 2.5 አንግስትሮም ነው፣ እዚያ አካባቢ ሲግማው (የመስመሩ ስፋት መለኪያ) 64 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ገደማ። ወደ መሃል ስትጠጋ ዲስኮቹ ስለማይለያዩ እዚያ አትድከም። ጠርዝ ላይ ፒክስሎቹን ሰብስብ፤ ሲግናሉ የኖይዙ 40 እጥፍ ሲሆን ለፍጥነቱ ይበቃል፣ ለዕድሜው ግን ጨምርበት።

ከጋዙ ጋር የሚዞረው ዲስክ ወጣት ሆኖ ከተገኘ፣ ጋዙ ከውጭ ነው የገባው የምትለው ክርክርህ አሸነፈ ማለት ነው። ያኔ ዓሣው ሁለት ይሆናል። ፋይሉን ዛሬ ማታ እልካለሁ፣ መብራት ካለ።