በባሕሩ በኩል ያለው ወንበር የአንተ ነው

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ “243 ኪሎ ሜትር? ይሄማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው!” ብለህ ስትስቅብኝ ዝም ያልኩት ተረትቼ እንዳይመስልህ። አንተን በስልክ ተከራክሮ የረታ ሰው ስለሌለ በጽሑፍ ልሞክርህ ብዬ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደውን የግሬት ኦሽን ሮድ መንገድ፣ ያንን 243 ኪሎ ሜትር፣ በሦስት ቀን ነው የምንጓዘው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳህ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ልጆች ሆነን ጋቢና ውስጥ ስታሳፍረን ለወንዝም ሆነ ለተራራ አንድ ቀን ቆመህልን አታውቅም። “ከመስኮቱም ይታያል” ነበር መልስህ። እኔም ያንተው ልጅ ነኝና መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ ብዬ በረርኩ። ዋናው ቦታ የደረስነው ልክ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ፀሐይዋ አናታችን ላይ፣ አስጎብኚ አውቶቡሶቹ ከፊታችን። ያን ቀን ያነሳኋቸው ፎቶግራፎች አሁንም ስልኬ ውስጥ አሉ፤ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስላሉ።

አሁን ስለ ወንበሩ ልንገርህ። መንገዱ ቶርኪ ላይ ይጀምርና አላንስፎርድ አጠገብ ያልቃል። የምንነዳው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው፤ አስቤበታለሁ። አውስትራሊያ ውስጥ መኪና የሚሄደው በግራ ነው፤ መሪው ደግሞ በቀኝ። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ባሕሩ በግራ ይሆናል። እንግዲህ በግራ የተቀመጠ ሰው ከውኃው የሚለየው የመንገዱ ጠርዝ ብቻ ነው፤ እሱም አንተ ነህ። ሌላም ጥቅም አለው፦ በባሕሩ በኩል ያሉት መቆሚያዎች ሁሉ በእኛው በኩል ስለሚሆኑ ከፊት የሚመጣ መኪና ማቋረጥ የለብንም። ይህችን እንኳ ሳትወድልኝ አትቀርም። መሪውን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ አልሰጥህም። ዕድሜህን ሙሉ በቀኝ ነድተህ ግራን ገደል አፋፍ ላይ አትለማመድም። በዚህ ጉዞ ረዳት አንተ ነህ፣ አባዬ።

በመጀመሪያው ቀን የምንነዳው 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አትሳቅ። ኢስተርን ቪው የተባለው ቦታ ላይ መንገዱን ተሻግሮ የቆመ የእንጨት ቅስት አለ። እዚያ እኔ ሳልለምንህ ራስህ ትቆማለህ ብዬ እገምታለሁ። መንገዱን የሠሩት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ 3,000 ያህል ወታደሮች ናቸው፤ ከ1919 እስከ 1932 ድረስ (ዓመቶቹን የምጽፍልህ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ገደሉን በዶማና በአካፋ እየቆፈሩ ያወጡት፣ ለወደቁ ጓደኞቻቸው መታሰቢያ ይሁን ብለው ነው። ከቅስቱ አጠገብ የሁለት ሠራተኞች ሐውልት አለ። ከዚያ ሎርን ላይ ከፍ ብሎ ከሚገኘው መመልከቻ መንገዱ እንደ እባብ ተጠምዝዞ ባሕሩን ሲከተል ይታያል፤ ለፎቶግራፍ የመንገዱ ምርጥ መልክ እሱ ነው። አፖሎ ቤይ እናድራለን።

በሁለተኛው ቀን ባሕሩ ይጠፋል። መንገዱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ኦትዌይ ደን ይገባል። ሜይትስ ሬስት ላይ ከሰው ቁመት በላይ በሆኑ፣ ፈርን በሚባሉ ተክሎች ሥር የምታልፍ አጭር የእግር መንገድ አለች። ያን ቀን ደመና ቢሆን እንዳትከፋ፤ ፀሐይ በቅጠሉ መካከል ስትገባ ፎቶግራፉን ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ታደርገዋለች፤ ደመና ሲሆን ግን አረንጓዴው ሁሉ ይወጣል።

ከደኑ ስንወጣ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ወደሚባሉት፣ ባሕሩ ውስጥ ወደቆሙት የድንጋይ ዓምዶች እንደርሳለን። ጴጥሮስ የትኛው ነው ብለህ እንደምትጠይቀኝ እጠብቃለሁ። ድሮ ስማቸው “እናት አሳማና ግልገሎቿ” ነበር፤ አሥራ ሁለትም ሆነው አያውቁም። ባሕሩ የኖራ ድንጋዩን ገደል እየበላ መጀመሪያ ዋሻ ያደርገዋል፣ ዋሻው ወዲያ ማዶ ሲበሳ ቅስት ይሆናል፣ የቅስቱ ጣሪያ ሲወድቅ ዓምዱ ብቻውን ውኃ ውስጥ ይቀራል። ዓምዱም በተራው ይወድቃል፤ በሐምሌ 2005 ቁመቱ 50 ሜትር ያህል የነበረ አንዱ ፈርሶ ክምር ድንጋይ ሆኗል። ከእነሱ አለፍ ብሎ ያለው ለንደን ብሪጅ የተባለው ድንጋይም ሁለት ቅስት ያለው ድልድይ ይመስል ነበር። በጥር 1990 ወደ የብስ ያለው ቅስት ሲናድ ሁለት ጎብኚዎች ማዶ ቀርተው በሄሊኮፕተር ነው የወጡት። ስለዚህ አጥር ካለ አጥሩን አናልፍም፤ ለፎቶግራፍ ብለህም ቢሆን።

ሐዋርያቱ ጋር ሁለት ጊዜ እንሄዳለን፤ የሦስቱ ቀን ምክንያት ዋናው ይህ ነው። ከመመልከቻው ላይ ወደ ምዕራብ ነው የሚታየው። ማታ ፀሐይዋ ከዓምዶቹ ኋላ ስትወርድ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናሉ፤ ያ አንድ ፎቶግራፍ ነው። ፖርት ካምቤል አድረን ሳይነጋ ብንመለስ ደግሞ ብርሃኑ ከጀርባችን መጥቶ ድንጋዩን ራሱን ያበራዋል፤ የማር ቀለም ይይዛል፣ እያንዳንዱ ንብርብር ይቆጠራል። ሌንሱን የምንጠርግበት ለስላሳ ጨርቅ እኔ እይዛለሁ፤ የማዕበሉ ርጭት በደቂቃ ውስጥ ጨው ያለብሰዋል።

ከገደሉ አናት ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚያወርዱትን የጊብሰን ደረጃዎች በተመለከተ አስቀድመን እንስማማ። 86 ናቸው፣ መውረዱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ግን ለጉልበትህ አይሆንም። ቀዩን ካፖርቴን ለብሼ እኔ እወርዳለሁ፤ አንተ ከላይ ሆነህ ታነሳኛለህ። አሸዋው ላይ ቀይ ነጥብ ስሆን ነው የገደሉ ቁመት የሚታወቀው፤ ሰው የሌለበት ፎቶግራፍ ላይ ገደሉ ሃምሳ ሜትር ይሁን አምስት አይለይም። ማዕበል ሲበረታ ደረጃው ይዘጋል፤ እንግዲያው ሁለታችንም ላይ እንቀራለን።

በሦስተኛው ቀን ሎክ አርድ ገደልን አሳይሃለሁ። በ1878 ሎክ አርድ የተባለች መርከብ እዚያ አካባቢ ተሰብራ ከ54 ሰዎች የተረፉት ሁለት ናቸው፤ ቶም ፒርስ የሚባል ወጣት መርከበኛና ኢቫ ካርማይክል የምትባል ልጃገረድ። እሱ ዳር ከደረሰ በኋላ ጩኸቷን ሰምቶ ተመልሶ ዋኝቶ አወጣት። አገሩ ሁሉ ይጋባሉ ብሎ ሲጠብቅ እሷ ወደ አየርላንድ ተመለሰች። አንተ ይህን ታሪክ ስትሰማ “ደግ አደረገች” ትላለህ ወይስ “ምን ነካት”? ላውቅ እፈልጋለሁ። የቀረውን በፍጥነት እናልፋለን፤ መመለሻችን በውስጠኛው አውራ ጎዳና ስለሆነ እዚያ ላይ እንደ ልማድህ ሳንቆም እንነዳለን።

ስለ ደም ግፊት መድኃኒትህም አልረሳሁም። ጠዋት ከወሰድከው በኋላ በየሰዓቱ እንደምትወርድ ስለማውቅ መጸዳጃ ያለባቸውን መቆሚያዎች ካርታው ላይ በሰማያዊ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ለውበት ብቻ የምንቆምባቸው በቀይ ናቸው። ሰማያዊዎቹ ይበዛሉ።

በመጋቢት ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ የበጋው ግርግር ያልፋል፣ ነፋሱም ገና አይከብድም። አሁን ከአንተ የምፈልገው አንድ መልስ ብቻ ነው፦ ጉልበትህ ሳያምህ ስንት ደረጃ ይወጣል? “ሁሉንም” የሚለውን አልቀበልም፤ ቁጥር ጻፍልኝ።

የምትወድህ ልጅህ