«ሎጂክ የለውም» ስንል ምን እያልን ነው?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ግብር ጭማሪ የተከራከሩትን ሁለት ጸሐፊዎች አነበብኩ፣ ስራ ስፈታ ደግሞ ቆጠርኩ፣ አንዱ አራት ጊዜ ሌላው ሶስት ጊዜ «ሎጂክ የለውም» ተባብለዋል፣ ግን የቱ ጋ እንደተበላሸ ያሳየ የለም። እኔ እንደገባኝ የሁለቱም ሎጂክ ደህና ነው። አንዱ ነጋዴው ግብሩን ዋጋ ላይ ይጭነዋል ብሎ ይነሳል፣ ሌላው ገበያው ስለማይፈቅድለት አይጭነውም ብሎ ይነሳል፣ ከዛ በኋላ ሁለቱም ቀጥ ብለው ነው የሄዱት። የተለያዩት ገና ሲነሱ ነው፣ እሱን ደግሞ ሎጂክ አይፈታውም፣ ወጥቶ ዋጋ ማየት ነው እንጂ።

አርስቶትል የዛሬ 2300 ዓመት ገደማ የጀመረው ስራ እኮ ጠባብ ነው፦ እነዚህ እውነት ከሆኑ ይሄ የግድ ይከተላል ወይ? በቃ። «ዓሣ ሁሉ ይበራል፣ ሻርክ ዓሣ ነው፣ ስለዚህ ሻርክ ይበራል» ብትሉኝ ሎጂኩ ምንም እንከን አይወጣለትም፣ መነሻው ውሸት ነው እንጂ። በተቃራኒው «ተቃዋሚዎች አዋጁን ነቀፉ፣ አንተም ነቀፍክ፣ ስለዚህ አንተም ተቃዋሚ ነህ» የሚለው እያንዳንዱ መነሻው እውነት ሆኖ እንኳን መደምደሚያው አይከተልም። የሚገርመው ፖለቲካ ውስጥ ይሄኛው ሲባል ማንም ሎጂክ የሚል ቃል አያነሳም!

ፊልም የሚተቹትም እንደዛው ናቸው። ዘንዶ ሲበር ስላዩ «ሎጂክ የለውም» ይላሉ፣ ዘንዶው እኮ የታሪኩ መነሻ ነው፣ ተቀበሉት። መጀመሪያ ላይ ዋና አልችልም ብሎ ሊሰምጥ የነበረው ሰውዬ መጨረሻ ላይ ያለ ምንም ምክንያት ወንዝ ሲያቋርጥ ግን እሱ ላይ ጩሁ፣ አብሬያችሁ እጮሃለሁ።

ደግሞ ሎጂክ በእጃችን ነው ብለን የምንኮራውን ያህል አይደለንም። ፒተር ዌሰን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው በ1960ዎቹ (በአውሮፓውያኑ ማለቴ ነው) አራት ካርዶች ያቀርብ ነበር። በአንድ በኩል ፊደል በሌላው ቁጥር አለ፣ ፊት ለፊት የሚታዩት አናባቢ፣ ተነባቢ፣ 4 እና 7 ናቸው። ህጉ «በአንድ በኩል አናባቢ ካለ በሌላው ሙሉ ለሙሉ ለ2 የሚካፈል ቁጥር አለ» ይላል፣ ህጉ መጣስ አለመጣሱን ለማወቅ የቶቹን ትገለብጣላችሁ? አብዛኛው ሰው አናባቢውንና 4ን ይላል፣ እኔም ብያለሁ። መልሱ አናባቢውና 7 ነው፣ ምክንያቱም 4 ጀርባ ምንም ቢገኝ ህጉን አይጥሰውም፣ 7 ጀርባ አናባቢ ከተገኘ ግን አለቀ። ያው ጥያቄ «አልኮል የሚጠጣ ሰው እድሜው መድረስ አለበት፣ ማንን ትፈትሻለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙው ሰው ቶሎ ይመልሰዋል። ለካ የምናውቀው ጉዳይ ላይ ነው ጎበዝ የምንሆነው።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ራሴ ስለተያዝኩበት ነው። ታላቅ እህቴ ጥሩ ደሞዝ ያለው ስራዋን ለቅቃ እናታችን ጋ ልትገባ ስትል «ተረጋጊ፣ በስሜት ነው እየወሰንሽ ያለሽው፣ እስቲ ሎጂካል ሁኚ» አልኳት። እሷ እቃ እያጠበች ነበር፣ ዞር እንኳን ሳትል «እማዬ ብቻዋን እንድታድር አልፈልግም። ሌላ አብሯት የሚያድር የለም። ስራውን ካልለቀቅኩ እኔም ማደር አልችልም። ስለዚህ እለቃለሁ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?» አለችኝ። ፈለግኩ፣ የለም። ከዛ ነው የገባኝ፣ እኔ ያልወደድኩት ደሞዙ መቅረቱን ነበር፣ እሱን በግልጽ ላለመናገር ሎጂክ የሚል ካባ ደረብኩለት፣ ምክንያቱም በግልጽ ብናገረው ቀጣዩ ጥያቄ «እሺ አንተስ ለምን አታድርም?» እንደሚሆን አውቃለሁ።

ለነገሩ እሱንም ጠየቀችኝ።

አንባቢያችሁ